በጸሎት የገዛሁት ሞተር

እኔ ምርጫ አይሆንልኝም። ሻይ ቤት ገብቼ «በስኳር ነው ያለ ስኳር?» ሲሉኝ እንኳን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብርጭቆ ውስጥ ነው የማየው። አስተዳደጌ ነው መሰለኝ። እኔ ባደግሁበት ዘመን ሬዲዮው አንድ፣ ሳሙናው አንድ ዓይነት ነበር፤ ጫማ ከተገኘ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ልክ ነው። እግዜርም ይህን እያወቀ በሁለት ሞተር ሳይክል መሀል አቁሞ «በል ምረጥ» አለኝ። ያውም ካይሮ ላይ፣ ያውም ግብፆች ፕሬዚዳንታቸውን አውርደው አገሩ ሁሉ ምርጫ፣ ምርጫ በሚልበት ሰሞን።

ሞተር ምን አስፈለገህ በሉኝ። ባትሉኝም እነግራችኋለሁ።

እኔና ወይንሸት የተጋባነው ዘግይተን ነው። እኔ ጢሜ ከሸበተ፣ እሷም «ከእንግዲህ ባል ለምኔ» ብላ ለጓደኞቿ ካወጀች በኋላ እዚሁ ካይሮ ተገናኘን። ቤታችን አርድ ኤል ሊዋ ነው፤ ሁለት ቱክቱክ፣ የኛው ባጃጅ ማለት ነው፣ ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ። እኔ የሐበሻ ቤት እየዞርኩ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዲሽ አስተካክላለሁ። እሷ ደግሞ የምትሠራው ከተማው ወዲያ ማዶ ሄሊዮፖሊስ፣ አንዲት መዳም ቤት ነው። ጠዋት በቱክቱክ ትወጣለች፣ ከዚያ ማይክሮባስ፣ ከዚያ ሜትሮ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ማታም እንደዚያው። ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ ሲያወጣ የዚህን ያህል የተንገላታ አይመስለኝም። እሱ ባሕሩ ተከፍሎለታል፤ የራምሲስ ጎዳና መኪና ግን ለማንም አይከፈልም።

ይሁን እንጂ በየማታው ትመጣ ነበር። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ «ኡፍ» ስትል እኔ ሽሮውን አሞቃለሁ። ትዳራችን ይኸው ነው፤ እሷ «ኡፍ» ትላለች፣ እኔ አሞቃለሁ። ብዙ አይመስልም። ግን ሰው ሊያጣው ሲል ነው ብዙ መሆኑ የሚገባው።

አብዮቱ መጣና ፖሊስ የሚባል ከመንገድ ጠፋ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ማይክሮባሱ አንድ ቀን አለ፣ ሁለት ቀን የለም። መዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈራች። ወይንሸትን ጠርታ፣ ከእንግዲህ ሲመሽ እየወጣሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ ለኅሊናዬ ይከብዳል፤ ወይ እዚሁ እያደርሽ በሳምንት አንድ ቀን ቤትሽ ሂጂ፣ ወይ ሌላ ሠራተኛ ልፈልግ፣ እስከ እሑድ አስቢበት አለቻት።

በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ሚስት እንግዳ እንጂ ሚስት አይደለችም። ሥራውን ትተወው እንዳልል ደግሞ፣ በዚያ ሰሞን የዲሽ ሥራ ሞቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ሕዝቡ የተሰለፈበትን የአደባባዩን ወሬ ብቻ ስለሆነ ዲሹን የሚያስነካ አልተገኘም። ወይንሸት ነገሩን ነገረችኝ። አፌ ቀደመኝና «ሞተር ገዝቼ እኔ አመላልስሻለሁ» አልኳት።

«አንተ? ቱክቱክ ውስጥ ዓይንህን ጨፍነህ የምትቀመጠው?»

«ቱክቱኩን እኔ ስላልያዝኩት ነው የምጨፍነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አዲስ አበባ እያለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት መልእክተኛ ሆኜ ዓመታት ሞተር ነድቻለሁ።

እሷ አሰበችበትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ እንደ እንቁራሪት ቁጢጥ ብዬ አልሄድም፣ ወንበሩ ሰፊ ይሁን፣ የምደገፍበት ይኑረው አለች። የኔ ጥያቄ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም እግሬ መሬት እንዲነካ ነበር። ቁመቴን የሚያውቅ ይህ ቀላል ጥያቄ እንዳልሆነ ያውቃል። የሁለታችንንም የሚያሟላው ያ «ክሩዘር» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ወንበሩ ዝቅ፣ መሪው ከፍ ብሎ፣ ሰው እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ፀጉር አስተካካይ ቤት እንደተቀመጠ ሆኖ የሚሄድበት። ትልቁ አይታሰብም። መካከለኛው፣ ያውም ያገለገለ፣ ከተገኘ ላጠራቀምናት ገንዘብ ይደርስ ነበር።

ሐበሻ ብቻውን ዕቃ አይገዛም። እኔም ጋሽ ታደሰን አማካሪ አድርጌ ያዝኩ። ጋሽ ታደሰ የድሮ ጦር ሾፌር ነው፤ ታንክ ነድቻለሁ ይላል፣ ሲጠጣ ደግሞ አውሮፕላንም ነድቷል። በዚያ ሰሞን ግን ትንሽ ደንግጦ ነበር የከረመው። ፖሊስ ሲጠፋ የየሰፈሩ ሰው ዱላ ይዞ መንገዱን ይጠብቅ ጀመር፤ እነዚህን ጠባቂዎች ግብፆች «ሊጃን ሻዕቢያ» ይሏቸዋል፤ የሕዝብ ኮሚቴ ማለታቸው ነው። እና የመጀመሪያው ማታ በሩን አንኳኩተው «እኛ ሊጃን ሻዕቢያ ነን» ሲሉት ጋሽ ታደሰ አልጋ ሥር ገባ። «ከናቅፋ ጀምረው ሲከተሉኝ ከረሙ፣ ዛሬ ደረሱብኝ» ነበር ያለው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ አማካሪዬ።

የመጀመሪያው ሞተር እዚያው ሰፈራችን፣ ሐጅ ሰይድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ የቆመው ነው። ሐጅ ሰይድ ሆዳቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ፣ ሳቃቸው ደግሞ ከሆዳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ነው የሚሸጡት። ሞተሩ ጥቁር ነው። ኒኬሉ ላይ ፊቴን አየሁት፤ ሰፋ ብሎ፣ ወፈር ብሎ፣ የሆነ ባለሥልጣን መስሎ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አድርጎ ያሳየኝ መስታወት የለም። በግራና በቀኝ ዘርፍ ያለው የቆዳ ቦርሳ ተንጠልጥሎበታል። ሐጅ ሲያስነሱት ሁለቱ ማርሚታዎች እንዲህ አገሡና፣ ፎቅ ላይ ያለች ሴትዮ ዝናብ መጣ ብላ ልብሷን ከገመድ ትሰበስብ ጀመር።

ጋሽ ታደሰ ገበያ በሬ እንደሚገዛ ሰው ሞተሩን ዞረው። ከኋላ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ጎንበስ ብሎ ሥሩን አየ። ከዚያ የነዳጅ ታንኩን ዳበስ አድርጎ «ሻኛው ጥሩ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም ተቀመጥኩበት። እግሬ መሬት ነካ፤ ማለት ጣቴ ነካ። ቀና ላደርገው ስል ሞተሩ ወደ ግራ ዘመመ፣ እኔም አብሬው ዘመምኩ፤ ሐጅ በአንድ እጃቸው ሁለታችንንም ይዘው መለሱን። ያን ጊዜ በሆዴ፣ ይሄ ሞተር እኔን ነው የሚነዳኝ አልኩ። በሆዴ ነው ታዲያ። በአፌ ግን «ማሻላህ፣ በጣም ያምራል» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ዋጋ ክርክር ገጠመ። እኔ በዚህ የለሁበትም፤ ሰው ዋጋ ሲቀንስልኝ አፍራለሁ። ዋጋው ወርዶ ወርዶ የኔ ኪስ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። አሁን መልስ መስጠት የኔ ፋንታ ሆነ። እንግዲህ እኛ አገር እምቢ ማለት ነውር መሆኑን ታውቃላችሁ። አልፈልግም የሚለውን ለሰው እንዴት ነው የምንለው? «እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ያለው ይሆናል» እንላለን። ያ ማለት እኔን ደጅህ አታየኝም ማለት ነው። እኔም ይህንኑ ቃል በቃል ወደ አረብኛ መልሼ አልኳቸው።

ሐጅ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «በሉ ፋትሓ እንቅራ» ብለው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ከሱቁ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ፣ በአደባባዩ ግርግር የሞተ የአንድ የሰፈር ልጅ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። ያለፈ ያገደመው ቆም ብሎ መዳፉን ይዘረጋና ፋትሓ፣ የቁርአኑን መክፈቻ፣ ይቀራለታል። እኔም ለእሱ መሰለኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ገበያ መሀል እንኳን የሞተ አይረሱም ብዬ ልቤ ተነካ። ሃይማኖታችን ቢለያይም ለሞተ ልጅ መጸለይ ምን ችግር አለው? መዳፌን ዘረጋሁና ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አባታችን ሆይን ደገምኩ። ጋሽ ታደሰም ዘረጋ። ሐጅ ሲጨርሱ «አሚን» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ፤ እኔም «አሚን» ብዬ አበስኩ። ከዚያ ሐጅ አቅፈው በሁለት ጉንጬ ስመው «መብሩክ፣ የተባረከ ይሁን» አሉኝ።

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ግን ካይሮ ውስጥ ሰው የማይመረቅበት ነገር የለም። ፀጉርህን ተቆርጠህ ብትወጣ ይመርቁሃል፣ ገላህን ታጥበህ ብትወጣ ይመርቁሃል። እኔም ጥሩ ስለጸለይኩ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ሞተር የሰማችው ወይንሸት ናት፣ ቤተ ክርስቲያን። አርብ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችን አይን ሻምስ ሄድን። ባለቤቱ ኡስታዝ ገርጊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ኮፕት፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ። ሞተሩ ከደረጃው ሥር የሱፍ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ብርድ ልብሱን ሲገልጡት ቀስ ብለው ነው፤ ሕፃን የሚቀሰቅሱ ነው የሚመስሉት። የደረቀ በርበሬ የመሰለ ቀይ ነው። ከሐጅ ሰይድ ሞተር ቀለል ይላል፣ ኒኬሉ እዚህም እዚያም ዝጓል፣ የኋላ ጎማውም አልቋል። የልጃቸው ነበር። ልጁ ካናዳ ገብቶ ቀርቷል። «በየሳምንቱ ይደውላል» አሉን ፈገግ ብለው፤ «መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው፣ ቀጥሎ ስለ እናቱ፣ ጊዜ ከተረፈው ስለ እኔ።»

እኔ ተቀመጥኩበት። ሁለቱም እግሬ ሙሉ በሙሉ መሬት ነካ። ተረከዜ ጭምር! ወይንሸትም ከኋላዬ ወጣች። መደገፊያው ላይ ጀርባዋን ጣል አደረገች። ወይንሸት ነገር አታደንቅም፤ የሠርጋችን ቀን እንኳን «ደህና ነው» ነው ያለችው።

«ይሄ ወንበር መዳም ቤት ካለው ይሻላል» አለች።

«መዳም ቤት ያለው ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ስወለውለው አውቀዋለሁ።»

አለቀ። ምርጫ የማይሆንልኝ ሰውዬ በአንድ ጊዜ መረጥኩ። ኡስታዝ ገርጊስ «ያለ ዋጋ ውሰዱት፣ ለናንተ አይበዛም» አሉ። ይህችን እንኳን አውቃታለሁ፤ ካይሮ ውስጥ ባለ ሱቅም ባለ ታክሲም ይላታል፣ እውነት ብሎ የወሰደ ግን እስከ መንገዱ ማዶ ያሯሩጡታል። ከዚያ እውነተኛውን ዋጋ ነገሩን፤ ካለን ገንዘብ ጋር ይሄዳል። ግድግዳው ላይ ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። «እሱ ምስክራችን ይሁን» አሉኝ። የእናቴ ታቦት ጊዮርጊስ ነው፤ እኔ በሌላ ልዋሽ እችል ይሆናል፣ በሱ ግን አልችልም። ቃሌን ሰጠሁ። ቅዳሜ ገንዘቡን ይዤ ልመጣ፣ ሞተሩን ልወስድ ተስማማን።

ስንመለስ በሜትሮው ውስጥ ወይንሸት እየሳቀች ነበር። ለመዳም የምትናገረውን ትለማመዳለች፤ «መዳም፣ ባሌ በሞተር ይወስደኛል» ትላለች፣ እንደገና በሌላ ድምፅ ትለዋለች። እኔ ደግሞ በዚያ ሕዝብ መሀል ቆሜ ማርሽ እቀይራለሁ።

ቤታችን በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሰው ተሰብስቦ ሳይ በዚያ ሰሞን የማስበው እሳት ወይም ሰልፍ ነው። የሕንጻው ዘበኛ ዐም ዐብዱ ግን እጁን ዘርግቶ «መብሩክ ያ ባሽሙሀንዲስ» እያለ መጣ። ግብፅ ውስጥ ካቻቪቴ የያዘ ሁሉ ባሽሙሀንዲስ ነው። እጁን የዘረጋው ለሰላምታ አልነበረም፤ የምሥራች ሊቀበል ነው። ከኋላው፣ ደረጃው ሥር፣ ያ ጥቁር ሞተር ቆሟል። መሪው ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል።

ወይንሸት ሞተሩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞተር ነው።»

«የማን?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አልኩ።

ዐም ዐብዱ አስረዳን። ሐጅ ሰይድ ራሳቸው ነድተው አመጡት። ገንዘቡስ አልተከፈለም ሲባሉ፣ ከፋትሓ በኋላ ገንዘብ የት ይሄዳል፣ ሲመቸው ያመጣዋል ብለው ቁልፉን ትተው ሄዱ። ያ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ሌላ ገዢ መጥቶ የተሻለ ዋጋ ሲሰጣቸው፣ በፋትሓ የተሰጠ ነው ብለው መለሱት። ለካ እነሱ ጋ ፋትሓ የሚቀራው ለሞተ ብቻ አይደለም፤ ውል ሲያስሩ፣ ልጅ ሲያጩም ይቀሩታል። «ፋትሓ የተቀራበት ነገር» አለ ዐም ዐብዱ፣ «እንደታጨች ልጅ ነው። ማፍረስ ይቻላል፤ ግን ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አያልፉም።»

እኔ ታዲያ በዚያ መንገድ ካላለፍኩ በየት ላልፍ ነው? መንገዱ አንድ ነው።

ወይንሸት ደረጃውን እየወጣች «አንድ ሚስት ማመላለሻ አጥተህ ሁለት ሞተር ገዛህ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ «እሑድ'ኮ ከነገ ወዲያ ነው» አለች። ከዚህች በኋላ አልሳቀችም።

እኔ ግን ገና ደረጃውን አልወጣሁም፤ የሰፈሩ ኮሚቴ ያዘኝ። ሰዎቹ ዱላ እንጂ ተሽከርካሪ አልነበራቸውም፤ አሁን እግዜር ላከላቸው። ሐበሻው ባሽሙሀንዲስ በሞተሩ ሰፈሩን ይዙር ተባለ። እምቢ ማለት አልችልም፤ ነግሬያችኋለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የመጋረጃ ብረት እንደ ጦር ይዞ ከኋላዬ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ ልብሷን ሰበሰበች፣ ሄድን። እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ መቼም ጀግና ነበርኩ። ልመለስ ስል ግን ያ ሞተር ለካ ለመዞር ሜዳ ይፈልጋል። ፊቱ የዳቦ መሸጫው ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ ቂጡ ቱክቱክ ላይ ተደገፈ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ የመጋረጃው ብረት የአንዱን በረንዳ ወፎች በተነ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሞተሩን፣ እኔን፣ ልብስ ሰፊውንና ብረቱን አንድ ላይ አንሥቶ እንደ ሙሽራ ተሸክሞ አዞረን። ሌባ ካለ ያን ማታ በሳቅ ሞቷል።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋሽ ታደሰ መፍትሔ ይዞ መጣ፤ ሽማግሌ ይላክ። ልጅ ለመለመን ሽማግሌ ከተላከ ለመመለስ የማይላክበት ምክንያት የለም አለ። አንድ ሌላ ሽማግሌ ጨምሮ፣ ነጠላ ለብሰው፣ ሐጅ ቤት ሄዱ። እኔና ወይንሸት ጠበቅን። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲመለሱ ፊታቸው ወዝቷል፤ ጋሽ ታደሰ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ሐጅ እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለኝ።

«ሞተሩስ?»

ተቀመጠ። እርግብ ተጠብሶ ቀረበ፣ ቀጥሎ ሩዝ፣ ቀጥሎ በእጃቸው እያጎረሱን… አንተ ብትሆን የሰው ማዕድ በልቶ በላዩ ላይ ዕቃህን ውሰድ ይባላል ወይ አለኝ። እና ምን አላችሁ ብለው፣ መረቅነው አለ። ሞተሩን አብረው መርቀውት መጡ! በዚህ ዓይነት ሽማግሌ ስንት የፈረሰ ትዳር ይታረቃል፤ የኔው ግን ሊፈርስ ነው።

ወይንሸት ተነሣች። ነጠላዋን መስቀልያ አጣፋች። «ተነስ» አለችኝ። እኔ ይሉኝታ ነው ያሳደገኝ፤ እሷን ግን ካይሮ አስተምራታለች፤ በሰው ቤት ያልተናገረች ሴት የምትበላውም የምትተኛበትም እንደማይኖራት ታውቃለች።

ሐጅ ሱቃቸው ውስጥ ወንበር ሲሰጧት አልተቀመጠችም። ሻይ ሲመጣም አልነካችም፤ የእርግቡ ታሪክ ደርሷታል።

«ሐጅ፣ ባሌ ፋትሓው ለውል መሆኑን አላወቀም» አለች። «ለዚያ ለሞተው ልጅ የምትጸልዩለት መስሎት ነው መዳፉን የዘረጋው።»

ሐጅ ወደ ፎቶው ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ሳቃቸው የለም። «ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አሉኝ። «ፋትሓ ካልሆነ ምን ነበር የምትለው?»

«የኛን ጸሎት ነው» አልኩ።

«እስቲ በለው።»

እንግዲህ ጎማ መሀል ቆሜ፣ እጄን እንደ ተማሪ ወደ ኋላ አድርጌ፣ አባታችን ሆይን ጀመርኩ። እኔ በአማርኛ እላለሁ፣ ወይንሸት ከሥር ከሥር በአረብኛ ትመልስላቸዋለች። ሐጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የዕለት እንጀራ ላይ ስንደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በደላችንንም ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስንደርስ ጣታቸውን አነሡ።

«ቆይ። እሷን ድገሚልኝ።»

ወይንሸት ደገመችላቸው።

«ይህንን ነው ያን ዕለት ፊቴ ቆመህ የቀራኸው?»

«አዎ ሐጅ።»

ሆዳቸው ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። «እንግዲያው አንተ ገና ሳትበድለኝ ይቅርታ ጠይቀሃል፤ እኔም ሳላውቀው አሚን ብዬልሃለሁ። ኸላስ፣ ተይዣለሁ» አሉና ሳቁ፤ ጎማ የደረደሩበት መደርደሪያ አብሮ ሳቀ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ሳቃቸውን አቆሙ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሞተሬ ምን ጎደለው?»

ምንም አልጎደለውም ልል ነበር። ያምራል፣ ድንቅ ነው፣ ማሻላህ፣ ችግሩ ከኔ ነው፤ ቃሉ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ወይንሸት አየችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ዓይን ነበር።

«ከበደኝ ሐጅ» አልኩ። «እፈራዋለሁ። ሚስቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው፤ የእርስዎ ሞተር የምትደገፍበት የለውም። ሌላ አይቻለሁ፣ እሱን እፈልጋለሁ።»

በሕይወቴ ለሰው ፊት ለፊት እምቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ። ጣሪያው ይወድቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልወደቀም።

«ይህንን ያን ዕለት ብትለኝ ኖሮ ሻያችንን ጠጥተን እንለያይ ነበር» አሉ ሐጅ። ከዚያ ወደ ወይንሸት ዞረው «ማሌሽ ያ ቢንቲ፣ አይዞሽ ልጄ፣ ቁጭ በዪ፣ አሁን ሻዩን መጠጣት ትችያለሽ» አሏት። ስልካቸውን አወጡና ለዚያ ለመለሱት ገዢ ደወሉ።

ከሰዓት በኋላ አይን ሻምስ ሄጄ ቀዩን ሞተር አመጣሁ። ኡስታዝ ገርጊስ ብርድ ልብሱን አጣጥፈው አብረው ሰጡኝ፤ ብርድ አይወድም አሉኝ። ሄልሜትም ሰጡኝ፣ የልጃቸውን። መንገድ ላይ እስክሰወር ድረስ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን አላነሡም፣ አንገታቸው ላይ ያለውን የሸሚዝ ቁልፍ እየነካኩ ብቻ ያዩኛል። ሰፈር ስደርስ ሐጅ ከሱቃቸው ወጥተው ሞተሩን አስቆሙና ዞሩት። ኒኬሉን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። የኋላ ጎማውን ሲያዩ ግን ተቆጡ፤ ሰው ሚስቱን በዚህ ጎማ አይጭንም ብለው በግድ አስወረዱኝና ሌላ ጎማ አገቡልኝ። ሲጨርሱ፣ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ሊዘረጉ ጀመሩና መለስ አሉ። «አይ፣ ካንተ ጋር መጨባበጥ ይሻላል» አሉኝ።

እሑድ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መዳም ቤት በር ላይ ነበርኩ። መዳም በረንዳ ላይ ወጥታ ሞተሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ጎማውን አየችው። የምትድራት ልጇ ናት የሚመስለው፤ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ስትደርሱ ደውሉልኝ አለችኝ። ወይንሸት ወጣች። ሄልሜቱን አጠለቀች፤ ትልቅ ስለሆነ ውስጡ አንገቷን ማዞር ትችላለች። ተቀመጠች፣ ተደገፈች፣ ከዚያ ነጠላዋን አውጥታ በኔ ወገብና በሷ ወገብ ዙሪያ አዙራ አሰረችው። ለምንድን ነው ብላት «አላምንህም» አለች።

ሄድን። ፍጥነታችንን አልነግራችሁም፤ አህያ ጋሪ እንደቀደመን ብቻ ልንገራችሁ። ድልድዩን ስንሻገር ነገር አወራት ነበር፤ አትመልስልኝም። ተቆጥታ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ሄልሜቱ ትከሻዬን ኳ አደረገኝ። ደግሞ ኳ። ከዚያ እዚያው ቀረ። ተኝታለች። ጠዋት በጨለማ የተነሣች ሴት፣ በሜትሮ ውስጥ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ዓይኗን ሳትከድን የምትሄድ ሴት፣ ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ፍሬን ስይዝ በሁለት ጣት ያዝኩ። ጉድጓድ ሲመጣ በሰላምታ አለፍኩት።

ሰፈራችን ገባን። በራችን ላይ ደረስን። እጄ ቁልፉን ሊያጠፋው ሄዶ ቆመ፤ ሞተሩ ዝም ካለ ትነቃለች፣ ከነቃች ደግሞ አራት ፎቅ አለ። ስለዚህ አለፍኩት። ዳቦ መሸጫው ጋ ዞርኩ፤ ይኸኛው ይዞራል። ተመልሼ በበራችን አለፍኩ፤ ደግሞ ዞርኩ። የሰፈሩ ሰው ወንበሩን አውጥቶ እያየኝ ነበር። ዐም ዐብዱ ሐበሻው ሞተር ገዝቶ አበደ፣ ለሰው ሊያሳይ ነው የሚመላለሰው ብሎ ለልብስ ሰፊው ሲነግረው ሰማሁት። ይበል። ሽሮው አልሞቀም፣ መሽቷል፣ ሰዓት እላፊውም እየቀረበ ነው፤ እኔ ግን በራችንን እያየሁት እንደገና ቀስ ብዬ አለፍኩት።